«ሁለቱን ግጥሞች አነጻጽሩ» ሲባል፦ ለእንግሊዝኛ ፈተና የሚዘጋጁ ተማሪዎች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ይህ ገጽ በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በሐይቅ፣ በወልዲያና በዙሪያቸው ላሉ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የተዘጋጀ ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብተው የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ኮርስ ለጀመሩም ይጠቅማል። ምሳሌዎቹ በአብዛኛው ግጥም ናቸው፤ ሁለት አጫጭር ልብ ወለዶች ወይም ሁለት ምንባቦች ሲሰጡም አሠራሩ ያው ነው።

እንዲህ ያለ ጥያቄ በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ላይ ይመጣል?

በድርሰት መልክ አይመጣም፤ የብሔራዊ ፈተናው መልስ በምርጫ ነው። «አነጻጽራችሁ ጻፉ» የሚል ትእዛዝ የሚያጋጥማችሁ በትምህርት ቤታችሁ ፈተና፣ በቤት ሥራ፣ ኋላም በዩኒቨርሲቲ ኮርስ ነው። በምርጫ ፈተና ላይ ሁለት ምንባብ ተሰጥቶ «ለሁለቱም እውነት የሆነው የቱ ነው?» ተብሎ ሊጠየቅ ግን ይችላል። እዚህ ላይ የማሳሳቻው ምርጫ ብዙውን ጊዜ ለአንዱ ምንባብ ፍጹም እውነት ሆኖ በሌላው ውስጥ የሌለ ነገር ነው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ምርጫ ጎን 1፣ 2 ወይም 1 እና 2 ብላችሁ በእርሳስ ጻፉ። ሁለቱንም ቁጥር ያገኘው ምርጫ ይቀራል፣ የቀረው ይሰረዛል። በጭንቅላት ብቻ ለመያዝ መሞከር ነው የሚያሳስተው።

ትእዛዙ «ኮምፔር» ብቻ ካለ ልዩነት መጻፍ ክልክል ነው?

አይደለም፤ ተመሳሳይነቱንም ልዩነቱንም ጻፉ። «ኮንትራስት» ብቻ ካለ በልዩነቱ ላይ አተኩሩ። «ሁለቱ ገጣሚዎች ጦርነትን እንዴት እንደሚያዩት አብራሩ» የሚል ጥያቄም ቃሉን ባይጠቅሰውም የማነጻጸሪያ ጥያቄ ነው።

እንግሊዝኛዬ ጥሩ ሆኖ ሳለ ነጥቤ ለምን ዝቅ ይላል?

ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው። ተማሪው የመጀመሪያውን ግጥም ሙሉ ገጽ ይተርካል፣ ቀጥሎ ሁለተኛውን ይተርካል፣ መጨረሻ ላይ «ስለዚህ ሁለቱ ግጥሞች ይመሳሰላሉም ይለያያሉም» ብሎ ይዘጋል። አራሚው ንጽጽር ሲፈልግ የሚያገኘው ያችን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ እሷም ስለ ማንኛውም ሁለት ነገር ልትባል የምትችል ናት።

መድኃኒቱ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ሁለቱም ግጥሞች መልስ የሚሰጡበትን አንድ ጥያቄ ፈልጉ፤ ማነጻጸሪያ ነጥብ የምንለው እሱን ነው። ሁለተኛ፣ በየአንቀጹ ቢያንስ አንድ ዓረፍተ ነገር ሁለቱንም ግጥሞች በአንድነት ይያዝ።

በሼክስፒር 18ኛና 130ኛ ሶኔቶች (ሶኔት ባለ 14 ስንኝ ግጥም ነው) እንየው። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1609 በታተመው የሶኔት ስብስቡ ውስጥ ይገኛሉ፤ ሁለቱም 14 ስንኝ ናቸው፤ ሁለቱም የሚወደድን ሰው ከተፈጥሮ ጋር ያስተያያሉ። ደካማ መልስ የሚጽፈው ተማሪ «18ኛው ስለ ፍቅር ነው፤ ተወዳጁን ከበጋ ቀን ጋር ያወዳድራል። 130ኛውም ስለ ፍቅር ነው፤ ዓይኖቿ እንደ ፀሐይ አይደሉም ይላል» ብሎ ያልፋል። የተባለው ሁሉ ትክክል ነው። ንጽጽር ግን የለበትም።

አሁን ማነጻጸሪያ ነጥብ እንስጠው፦ ተፈጥሮ ለተወዳጁ ሰው መለኪያ መሆን ትችላለች? ሁለቱም ግጥሞች «አትችልም» ነው የሚሉት። በ18ኛው ተፈጥሮ የማትበቃው ተወዳጁ ስለሚበልጣት ነው፤ በጋ ያልፋል፣ እሱ ግን በግጥሙ ውስጥ ይኖራል። በ130ኛው ደግሞ ሴቲቱ ከፀሐይም ከዛጎልም ታንሳለች፤ ገጣሚው ይህን ሳይደብቅ ይወዳታል፣ የሚነቅፈውም የሌሎችን የተጋነነ ውዳሴ ነው። አንድ መልስ፣ ሁለት ተቃራኒ መንገድ። እዚህ ላይ የደረሰ ተማሪ የመግቢያ ዓረፍተ ነገሩን አግኝቷል።

ከዚያ ወደ አጻጻፉ ውረዱ። 18ኛው ተወዳጁን ፊት ለፊት «አንተ» እያለ ያናግራል፤ 130ኛው ስለ ሴቲቱ ለሌላ ሰው እንደሚያወራ «እሷ» ይላል። በ18ኛው ሐሳቡ የሚታጠፈው 9ኛው ስንኝ ላይ ነው፣ «በት» (ግን) በሚለው ቃል። በ130ኛው እስከ 12ኛው ስንኝ ድረስ ጉድለት እየተቆጠረ ይሄድና 13ኛው ላይ «ኤንድ የት» (ሆኖም) ብሎ ይታጠፋል። መታጠፊያው መዘግየቱ አንባቢው ስድብ እያነበበ እንደሆነ እንዲያስብ ጊዜ ይሰጠዋል። ይህን የመሰለ አንድ ነጥብ ብቻ በደንብ የተጻፈበት ወረቀት «ሁለቱም ሲሚሊ (‘እንደ’ እያሉ ማመሳሰል) ተጠቅመዋል» ከሚል ገጽ ሙሉ ዝርዝር ይበልጣል።

«ሁለቱም ሜታፎር ተጠቅመዋል» ማለት ስህተት ነው?

ስህተት አይደለም፣ ባዶ ነው። ሜታፎር፣ ማለትም አንዱን ነገር በሌላው ስም መጥራት፣ የሌለበት ግጥም ማግኘት ይከብዳል። ስልቱን ከጠራችሁ በኋላ ወዲያው ሁለት ነገር ጨምሩ፦ በዚህ ግጥም ምን ሠራ? በዚያኛውስ? ሁለተኛውን መመለስ ካልቻላችሁ ነጥቡን ትታችሁ ሌላ ፈልጉ።

45 ደቂቃ ቢሰጠን እንዴት እንከፋፍለው?

የመጀመሪያውን 5 ደቂቃ ጥያቄውን ሁለት ጊዜ፣ ግጥሞቹን አንድ አንድ ጊዜ ለማንበብ ተጠቀሙበት፤ በዚህ ጊዜ እስክሪብቶ አታንሱ። ቀጣዩ 8 ደቂቃ ለሁለተኛ ንባብና ለማስመር ነው፤ አሁን ማነጻጸሪያ ነጥቡን ይዛችሁ ስለምታነቡ የምታሰምሩት ጥቂት ነው። 5 ደቂቃ ለዕቅድ፣ 23 ደቂቃ ለመጻፍ፣ የቀረው 4 ደቂቃ ለእርማት። ሰዓቱ 30 ደቂቃ ከሆነ መጻፉን ወደ 15፣ ንባቡንና እርማቱን በድምሩ ወደ 10 አውርዱና ከሦስት ነጥብ ሁለቱን ብቻ ጻፉ። ዕቅዱን አትሰርዙ። ዕቅድ የዘለለ ተማሪ ነው ሁለተኛው ግጥም ላይ ሳይደርስ ወረቀት የሚሰበሰብበት።

ዕቅዱ ምን ይመስላል?

በመልስ ወረቀቱ የመጨረሻ ገጽ ላይ በእርሳስ ሦስት ዓምድ አስምሩ። በግራ ማነጻጸሪያ ነጥብ፣ በመሃል ግጥም አንድ፣ በቀኝ ግጥም ሁለት። ሦስት ረድፍ ይበቃል። በየሳጥኑ ውስጥ የሚገባው ከግጥሙ የተወሰደ ከሁለት እስከ አምስት ቃል ጥቅስና አንድ የእናንተ ቃል ነው፤ ሙሉ ዓረፍተ ነገር አትጻፉ። አንድ ሳጥን ባዶ ከቀረ ያ ረድፍ ለንጽጽር አይሆንም፤ ቀይሩት። የሠንጠረዡ ዋና ጥቅም ይኸው ነው፣ ክፍተቱን መጻፍ ሳትጀምሩ ያሳያችኋል።

ስድስትና ሰባት ነጥብ የሚደረድሩ አሉ፤ ጉብዝና ይመስላቸዋል። በ23 ደቂቃ ሰባት ነጥብ መንካት እንጂ ማብራራት አይቻልም። ከረድፎቹ ጠንካራውን መጀመሪያ ጻፉት፤ ሰዓት ቢያጥር የሚቀረው ደካማው ይሁን።

የእንግሊዝኛውን ግጥም ቤት አመታትና ምት ማየት አልችልም። ምን ላድርግ?

ይህ ችግር በዋናነት ከአማርኛው ልማድ ይመጣል፣ ደግሞም የሚገባ ነው። በአማርኛ ቤት የሚመታው በስንኙ የመጨረሻ ፊደል ነው፤ ተከታታይ ስንኞችም በአንድ ቤት መምቻ ሊሄዱ ይችላሉ። በእንግሊዝኛው ሶኔት ግን ቤቱ እየዘለለ ነው የሚመታው፦ አንደኛው ስንኝ ከሦስተኛው፣ ሁለተኛው ከአራተኛው። ጎን ለጎን ያሉትን ብቻ የሚያይ ተማሪ «ይህ ግጥም ቤት አይመታም» ብሎ ይጽፋል። በየስንኙ መጨረሻ ኤ፣ ቢ፣ ኤ፣ ቢ እያላችሁ በእርሳስ ምልክት ብታደርጉ ይህ አይደርስባችሁም። የሼክስፒር ሶኔት ሦስት ባለ አራት ስንኝ ክፍልና አንድ ባለ ሁለት ስንኝ መዝጊያ አለው፤ ከአራቱ ውስጥ ጎን ለጎን የሚመታው መዝጊያው ብቻ ነው።

ሌላው ወጥመድ ፊደል ነው። እንግሊዝኛ በጆሮ እንጂ በዓይን አይመታም። በ130ኛው ሶኔት ውስጥ «ሬድ» እና «ሄድ» ቤት ይመታሉ፤ ፊደላቸውን ብታዩ ግን አንድ አይደሉም። ስለዚህ የስንኞቹን መጨረሻ በሹክሹክታ አንብቡ፤ ጎረቤታችሁን ሳትረብሹ፣ ፈታኙንም ሳታስጠረጥሩ።

ምቱም እንዲሁ ይለያል። የአማርኛ ወል ቤት ስድስት ስድስት ቀለም (የድምፅ ክፍል) ባላቸው ሁለት ሐረጎች ይሄዳል፤ ሰንጎ መገን አምስት አምስት ነው። ማለትም እኛ የምንቆጥረው ቀለም ነው። የእንግሊዝኛው ሶኔት ስንኝ አሥር ያህል ቀለም ይኑረው እንጂ ዋናው ነገር ከነዚያ ውስጥ ጠበቅ ተደርገው የሚነገሩት አምስቱ ናቸው፣ ላላ ጠበቅ፣ ላላ ጠበቅ እያለ። ቀለም ብቻ ቆጥሮ የሚያቆም ሰው ምቱ የተሰበረበትን ቦታ አያገኝም። ገጣሚው ደግሞ ምት የሚሰብረው ብዙውን ጊዜ ትኩረት በሚፈልግበት ቃል ላይ ነው። ይህን በፈተና ላይ ማግኘት ካቃታችሁ ዝለሉት። በግምት የተጻፈ የምት ትንታኔ ወዲያው ይታወቃል።

የእንግሊዝኛ ግጥም መጽሐፍ በአካባቢያችን የለም። በምን እንለማመድ?

በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት መጻሕፍታቸውን ያጡ የወሎ ትምህርት ቤቶች ብዙ ስለሆኑ ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን ማነጻጸር በአማርኛም ይለመዳል፣ እንዲያውም መጀመሪያ በአማርኛ መለመድ አለበት ብለን እናምናለን። በአማርኛ ማነጻጸር የማይችል ተማሪ ችግሩ እንግሊዝኛ አይደለም፤ በአማርኛ ችሎ በእንግሊዝኛ የሚያቅተው ደግሞ የጎደለው ቋንቋው ብቻ እንደሆነ ያውቃል። ለሁለቱ ችግሮች የሚደረገው ዝግጅት የተለያየ ነው።

ለዚሁ ልምምድ ያዘጋጀናቸውን ሁለት ጥንድ ስንኞች እነሆ፦

ከጦሳ አናት ላይ ደመናው ሲወርድ፣
መንገዱ ጠፋብኝ ወደ ቤቴ ስሄድ።

ደመና ቢወርድም ጦሳን ቢሸፍነው፣
እግሬ አይስተውም ለምዶት የኖረ ነው።

ሁለቱም ወል ቤት ናቸው፣ ሁለቱም ደመናን፣ ጦሳንና መንገድን ይዘዋል። ስለዚህ «ሁለቱም ስለ ደመና ናቸው» ማለት የትም አያደርስም። ማነጻጸሪያ ነጥባችን ይህ ይሁን፦ ሰውየው አገሩን የሚያውቀው በምኑ ነው? በመጀመሪያው በዓይኑ ነው፤ ዓይኑ ሲጋረድ መንገዱም አብሮ ይጠፋል። በሁለተኛው በእግሩ ነው፤ ደመናው የሚወስድበት ነገር የለም። አሁን ሰዋስዉን እዩ። «ሲወርድ» ሁለቱን ድርጊቶች በጊዜ ያያይዛቸዋል፤ «ቢወርድም» ግን ደመናውን ተቀብሎ አቅሙን ይነሳዋል። የመጀመሪያው ሁለተኛ ስንኝ ባለቤት መንገዱ ነው፤ መንገዱ ነው የጠፋው፣ ሰውየው የሆነበት ብቻ ነው። በሌላኛው ባለቤቱ እግሩ ነው፣ የሚሠራው እሱ ነው። ከአራት ስንኝ ይህን ያህል ከወጣ ከሁለት ገጽ ግጥም የሚጻፍ አይጠፋም።

በዚሁ መንገድ አንድ መንዙማና አንድ የሠርግ ዘፈን ወስዳችሁ የአዝማቹን ሥራ አነጻጽሩ፦ በየመካከሉ ሲመለስ አዲስ ትርጉም ይዞ ይመጣል ወይስ ያንኑ ያጸናል? የእንግሊዝኛ ባላድ (ታሪክ የሚተርክ ዘፈን መሰል ግጥም) ላይ ተደጋጋሚ ስንኝ ሲያጋጥማችሁ የምትጠይቁት ጥያቄ ይኸው ነው። ቶን (የግጥሙ ቃና) የሚባለው ነገር ለሚያስቸግራችሁም በአምባሰልና በባቲ ቅኝት የተዜሙ ሁለት ስለ ናፍቆት የሆኑ ዘፈኖችን አዳምጡ፤ ጉዳዩ አንድ ሆኖ ስሜቱ ሲለያይ በጆሮ ትለዩታላችሁ። ወሎዬ ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም።

ኢንተርኔት ለሚያገኝ ደግሞ የእንግሊዙ ፈተና አዘጋጅ ኤኪውኤ ያለፉ ዓመታት የጂሲኤስኢ (የእንግሊዝ የሁለተኛ ደረጃ ፈተና) ወረቀቶችንና የእርማት መመሪያዎችን በድረ ገጹ ላይ በነጻ ያወጣል። ቀድሞ ባልታየ ግጥም ላይ በሚቀርበው ክፍል መጀመሪያ ስለ አንዱ ግጥም ብቻ 24 ነጥብ፣ ከዚያ ስለ ሁለቱ ንጽጽር 8 ነጥብ ይሰጣል። 8ቱ ነጥብ የሚሰጠው ለአጻጻፍ ስልትና ስልቱ ስለሚያስከትለው ውጤት ነው፤ የይዘት ተመሳሳይነት ብቻውን ብዙ አያስገኝም። የእናንተ አስተማሪ አመዳደብ ሌላ ሊሆን ስለሚችል ነጥቡ እንዴት እንደሚከፋፈል ከፈተናው በፊት ጠይቁ።

ጥቅስ ስንት ልጥቀስ? ምን ያህል ርዝመት?

በየአንቀጹ ከእያንዳንዱ ግጥም አንድ አንድ። ከአምስት ቃል አይብለጥ፣ በራሳችሁ ዓረፍተ ነገር መሃልም ይግባ። አራት ስንኝ ገልብጦ ከሥሩ «ይህ የሚያሳየው» ማለት ቦታ መሙላት እንደሆነ አራሚው ያውቃል። ከሁለቱ ግጥሞች የምትጠቅሷቸው ቃላት እርስ በርስ የሚነጋገሩ ሲሆኑ ደግሞ ሥራው በግማሽ ይቀላል፤ ከ18ኛው «ሞር ላቭሊ»፣ ከ130ኛው «ነቲንግ ላይክ ዘ ሰን» እንደ ማለት።

የትኞቹን አያያዥ ቃላት ላጥና?

ስድስት ይበቃሉ፦ «ቦዝ»፣ «ሲሚላርሊ»፣ «ዌርአዝ»፣ «አንላይክ»፣ «ሃውኤቨር» እና «ዋይል»። ሃያ ሸምድዶ አምስቱን አሳስቶ ከመጠቀም እነዚህን በትክክል መጠቀም ይሻላል። በብዛት የሚበላሹት እነዚህ ናቸው። «ዌርአዝ» ብቻውን ዓረፍተ ነገር አይሆንም፤ ከፊቱ ወይም ከኋላው ሌላ ሙሉ ሐሳብ ይፈልጋል። «ሃውኤቨር» በተቃራኒው ሁለት ዓረፍተ ነገሮችን በነጠላ ኮማ ማያያዝ አይችልም፤ ነጥብ ወይም ሰሚኮለን ይቅደመው። «አንላይክ» ሲገባ የሚነጻጸሩት ነገሮች አንድ ዓይነት ይሁኑ፤ ግጥምን ከግጥም፣ ገጣሚን ከገጣሚ ጋር። «ዲፈረንት» ከ«ፍሮም» ጋር፣ «ሴም» ከ«አዝ» ጋር ይሄዳሉ፤ «ሴም ዊዝ» ከአማርኛው «ከ… ጋር አንድ ነው» የተቀዳ ስህተት ነው። «ሞር» እና «በተር»ን አንድ ላይ አትጻፉ።

ስለ ግጥሙ ስትጽፉ ግሡ የአሁን ጊዜ ይሁን። የገጣሚው ሕይወት ብቻ በኃላፊ ጊዜ ይጻፋል። በግጥሙ ውስጥ «እኔ» የሚለውን ሰው ደግሞ «ስፒከር» በሉት፤ ገጣሚው ራሱ ነው ብላችሁ አትወስኑ።

የገጣሚውን ታሪክ መጻፍ ነጥብ ያስገኛል?

ልዩነቱን የሚያስረዳ ከሆነ ብቻ። ብዙ ጊዜ አብረው የሚሰጡ ሁለት የአንደኛው ዓለም ጦርነት ግጥሞች አሉ፦ የሩፐርት ብሩክ «ዘ ሶልጀር» እና የዊልፍሬድ ኦወን «ዱልቼ ኤት ዴኮሩም ኤስት»። ብሩክ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1914፣ ጦርነቱ ገና ሲጀመር ነው። ኦወን የጻፈው በ1917፣ በምሽግ ውስጥ ከቆየ በኋላ ነው፤ ጦርነቱ ሊቆም አንድ ሳምንት ሲቀረው ኅዳር 1918 ተገደለ። 1914 እና 1917 በአንድ ዓረፍተ ነገር ከገቡ አንዱ ሞትን ለአገር የሚሰጥ ጸጥ ያለ ስጦታ፣ ሌላው በመርዝ ጋዝ መታፈን አድርጎ ለምን እንዳየው ያስረዳሉ። ገጣሚው የት እንደተወለደና የት እንደተማረ መዘርዘር ግን ጊዜ ማባከን ነው። ዓመተ ምሕረቱን በእንግሊዝኛ መልስ ውስጥ በአውሮፓ አቆጣጠር ጻፉ፤ ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ቀይሮ የጻፈ ተማሪ ትክክለኛውን ዓመት እያወቀ ይሳሳታል።

ግጥሞቹን በስልክ መተርጎሚያ ወደ አማርኛ ቀይሬ ባጠናስ?

ጭብጡን ለመያዝ ይረዳል። ቃና ላይ ግን አትመኑት፤ 130ኛውን ሶኔት ሲተረጉም ቀልዱ ይጠፋና ደረቅ ስድብ ይቀራል። ቤት አመታቱም አብሮ ይሄዳል። የማታውቁትን ቃል አንድ በአንድ ፈልጉ እንጂ ግጥሙን በሙሉ አትስጡት።

ፈተናው ላይ የማላውቀው ቃል ቢበዛስ?

በመጀመሪያ ርዕሱን፣ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ስንኝ አንብቡ፤ ሐሳቡ ከየት ተነስቶ የት እንደደረሰ በአብዛኛው ከነዚህ ይታወቃል። ቀጥሎ ግሦቹን ብቻ ፈልጋችሁ አክብቡ። ከዚያ «በት»፣ «የት»፣ «ናው» የመሳሰሉ መታጠፊያ ቃላትን። ያልገባችሁን ቃል አትጥቀሱ፤ ከገባችሁ ክፍል ጥቀሱ። ሁለቱ ግጥሞች እኩል ካልከበዱ ከቀላሉ ጀምሩ፣ በሱ ላይ ያገኛችሁትን ጥያቄ ይዛችሁ ወደ ከባዱ ሂዱ።

መዝጊያ አንቀጹ ላይ ምን ይጻፋል?

ሁለት ዓረፍተ ነገር። ከላይ ያላችሁትን አትድገሙ። ጥያቄው «የትኛው ይበልጥ ያሳምናል?» ካለ አንዱን ምረጡና አንድ ምክንያት ስጡ። ካላለ ከልዩነቶቹ ሁሉ ዋናው የቱ እንደሆነ ተናገሩ። «ሁለቱም ቆንጆ ግጥሞች ናቸው» አይጻፍም።

በእንግሊዝኛው መልስ ውስጥ የአማርኛ ግጥም ማስገባት ይቻላል?

ጥያቄው ካልፈቀደ አይቻልም። ልምምዱ የቤት ነው።

ሰዓት ቢያልቅብኝና ሁለተኛው ግጥም ቢቀረኝ?

የጀመራችሁትን ዓረፍተ ነገር ቋጩና አንድ መስመር ዝለሉ። ከዕቅዱ ሠንጠረዥ የቀሩትን ረድፎች በአጭር ዓረፍተ ነገር አውርዱ፣ እያንዳንዱ «ዌርአዝ» ወይም «ዋይል» ይኑረው። ሁለት ደቂቃ ካላችሁ ሁለት እንዲህ ያሉ ዓረፍተ ነገሮች ይጻፋሉ። በእርሳስ የሠራችሁትን ሠንጠረዥም አታጥፉት፤ የሚያየው አራሚም ይኖራል።